የሰነድ ጥቅል በደቢያን

የሰነድ ጥቅል በደቢያን ሥርዓተ ክወና ውስጥ የአንድ ሶፍትዌር መመሪያ፣ ማብራሪያና ምሳሌዎች ከፕሮግራሙ ተለይተው የሚቀርቡበት ጥቅል ወይም በተለምዶ አጠራር ፓኬጅ ነው። ስሙ አብዛኛውን ጊዜ «ዶክ» በሚል ቅጥያ ያልቃል። ለምሳሌ በደቢያን 12 የፓይተን ቋንቋ «ፓይተን3.11» በሚባል ጥቅል ሲገኝ መመሪያው «ፓይተን3.11-ዶክ» በሚባል ሌላ ጥቅል ይገኛል። ሁለቱም የሚወጡት ከአንድ የምንጭ ኮድ ነው። ይሁን እንጂ ፋይሎቹን በሁለት ጥቅሎች መክፈል ብቻውን በቂ አይደለም። ሙሉ ጥቅሙ የሚገኘው የፕሮግራሙና የሰነዱ ግንባታ ጭምር ሲለያይ ነው።

መነሻ

ደቢያን በኢያን መርዶክ አማካይነት ነሐሴ 10 ቀን 1985 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 16 ቀን 1993) የተጀመረ፣ በበጎ ፈቃደኞች የሚዘጋጅ የክፍት ምንጭ ፕሮጀክት ነው። ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 9 ቀን 2025) የወጣው ደቢያን 13 ከ69,000 በላይ ጥቅሎችን ይዟል።

እያንዳንዱ የምንጭ ጥቅል «ደቢያን» የሚባል ማህደር አለው። በማህደሩ ውስጥ ካሉት ፋይሎች ሁለቱ ለግንባታ ዋነኞች ናቸው። «ኮንትሮል» የሚባለው ፋይል ከምንጩ የሚወጡትን ጥቅሎችና ለግንባታ የሚያስፈልጉትን መሣሪያዎች ይዘረዝራል። «ሩልስ» የሚባለው ደግሞ ግንባታው በምን ቅደም ተከተል እንደሚካሄድ ይወስናል።

ሁለት ዓይነት ጥቅሎች

በሲ ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም ለኢንቴል ፕሮሰሰር ከተገነባ በአርም ፕሮሰሰር ላይ አይሠራም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የፕሮሰሰር ዓይነት እንደገና መገንባት አለበት። በኤችቲኤምኤል የተዘጋጀ መመሪያ ግን በየትኛውም ኮምፒውተር ያው ነው። ደቢያን የመጀመሪያውን ዓይነት ጥቅል «ኤኒ»፣ ሁለተኛውን «ኦል» ብሎ ይመዘግባል። «ኤኒ» የተባለው በየፕሮሰሰሩ ዓይነት ይገነባል፤ «ኦል» የተባለው አንድ ጊዜ ብቻ ተገንብቶ ለሁሉም ይሰራጫል።

ሰነድ እንዴት ይገነባል

የሶፍትዌር መመሪያ ብዙውን ጊዜ በምንጭ ኮዱ ውስጥ የሚገኘው ቀላል ጽሑፍ ሆኖ ነው። እንደ ስፊንክስ ወይም ዶክሲጅን ያለ መሣሪያ ጽሑፉን አንብቦ ገጾችን፣ ማውጫንና ማያያዣዎችን ያዘጋጃል። ፒዲኤፍ ከተፈለገ ደግሞ ላቴክ የሚባለው የኅትመት ሥርዓት ይጨመራል። እነዚህ መሣሪያዎች ራሳቸው ሌሎች ብዙ ጥቅሎችን ይፈልጋሉ። በዚህ ምክንያት በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚገነባ ትንሽ ፕሮግራም ለመመሪያው ሲባል በመቶዎች የሚቆጠሩ ሜጋባይቶችን ማውረድ ሊጠይቅ ይችላል።

ግንባታው ካልተለየ የሚፈጠሩ ችግሮች

የመጀመሪያው ችግር የአንዱ ስህተት ሌላውን ማስቀረቱ ነው። ፕሮግራሙና ሰነዱ በአንድ ትእዛዝ የሚገነቡ ከሆነ፣ የሰነድ መሣሪያው አዲስ እትም የቀድሞውን አጻጻፍ አልቀበል ሲል ግንባታው በሙሉ ይከሽፋል። በኮዱ ላይ ምንም ስህተት ባይኖርም ፕሮግራሙ አይወጣም። የሚጠበቀው የደህንነት ቀዳዳን የሚደፍን ማስተካከያ ከሆነ መዘግየቱ ተጠቃሚውን ለአደጋ ያጋልጣል።

ሁለተኛው ብክነት ነው። በየፕሮሰሰሩ ዓይነት ያሉት የግንባታ ማሽኖች ያንኑ መመሪያ ደጋግመው ያዘጋጃሉ። ከዚያ ሁሉ የሚያገለግለው አንዱ ብቻ ሲሆን የቀረው ይጣላል። ጉዳቱ በተለይ ዝቅተኛ አቅም ባላቸው ማሽኖች ላይ ጎልቶ ይታያል።

ሦስተኛው የጥገኝነት አዙሪት ነው። የፓይተን መመሪያ የሚገነባው በስፊንክስ ነው፤ ስፊንክስ ደግሞ በፓይተን የተጻፈ ስለሆነ ያለ ፓይተን አይሠራም። ፓይተን ባለበት ኮምፒውተር ይህ ችግር አይፈጥርም። ሁሉም ነገር ከባዶ በሚጀመርበት አዲስ ፕሮሰሰር ላይ ግን አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ሥራው ይቆማል። በደቢያን 13 ለመጀመሪያ ጊዜ በይፋ የተካተተውን ሪስክ-ፋይቭን የመሰለ አዲስ የፕሮሰሰር ቤተሰብ በሚጨመርበት ጊዜ እንዲህ ያሉ አዙሪቶችን አንድ በአንድ መስበር ያስፈልጋል።

መለየቱ እንዴት ይከናወናል

ሥራው የሚጀምረው ከ«ኮንትሮል» ፋይል ነው። ለፕሮግራሙ ግንባታ የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች «ቢልድ-ዲፔንድስ» በሚለው መስክ ይቀራሉ። ለ«ኦል» ጥቅሎች ብቻ የሚያስፈልጉት፣ ለምሳሌ ስፊንክስ፣ ወደ «ቢልድ-ዲፔንድስ-ኢንዴፕ» ይዛወራሉ። በዚህም ፕሮግራሙን ብቻ የሚገነባ ማሽን የሰነድ መሣሪያዎቹን መጫን አይኖርበትም።

ቀጥሎ በ«ሩልስ» ፋይል ውስጥ ግንባታው ለሁለት ይከፈላል። «ቢልድ-አርች» የሚለው ክፍል ፕሮግራሙን፣ «ቢልድ-ኢንዴፕ» የሚለው ሰነዱን ይገነባል። ከዚህ በተጨማሪ «ኖዶክ» የሚባል የግንባታ አማራጭ አለ። ይህ አማራጭ ሲመረጥ ሰነዱ ጨርሶ ይዘለላል። ከላይ የተጠቀሰው አዙሪት የሚሰበረውም እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ፓይተን ያለ መመሪያ ይገነባል፤ በእሱ ስፊንክስ ይሠራል፤ በመጨረሻም በስፊንክስ የፓይተን መመሪያ ይዘጋጃል።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው እርምጃ አስቀድሞ በተጫኑ ኮምፒውተሮች ላይ የሚሆነው ነው። መመሪያው እስከ እትም 2.0-2 ድረስ በፕሮግራሙ ጥቅል ውስጥ ነበር፣ ከ2.0-3 ጀምሮ ወደ ሰነድ ጥቅል ተዛወረ እንበል። የቀድሞው እትም ያለው ሰው አዲሱን የሰነድ ጥቅል ሲጭን አንድ ፋይል የሁለት ጥቅሎች ንብረት ይሆናል፤ ጫኙ ፕሮግራም ዲፒኬጂም ፋይሉን አልተካም ብሎ ሥራውን ያቋርጣል። ይህ እንዳይሆን አዲሱ ጥቅል «ብሬክስ» እና «ሪፕሌስስ» በሚሉት መስኮች ከ2.0-3 በፊት የነበሩትን እትሞች እንደሚተካ መግለጽ አለበት።

ለውጡ የሚፈተነው ፕሮግራሙን ብቻ፣ ሰነዱን ብቻ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ፣ እንዲሁም በ«ኖዶክ» በመገንባት ነው። አራቱም ካልተሳኩ መለየቱ አልተጠናቀቀም።

ከፕሮግራሙ የማይለዩ ሰነዶች

ሰነድ ሁሉ አይለይም። የደቢያን የፖሊሲ መመሪያ ወደ ሌላ ጥቅል እንዲወጣ የሚመክረው ብዙ ቦታ የሚይዘውንና ሁሉም ተጠቃሚ የማይፈልገውን ነው። የቅጂ መብት መግለጫና የለውጦች መዝገብ ግን ከእያንዳንዱ ጥቅል ጋር ይሄዳሉ። «ማን» በሚለው ትእዛዝ የሚነበበው አጭር መመሪያም ፕሮግራሙን የጫነ ሰው ሁልጊዜ ሊያገኘው ይገባል። የፕሮግራሙ ጥቅል የሰነዱን ጥቅል እንደ አማራጭ ሊጠቁመው ወይም ሊመክረው ይችላል እንጂ ግዴታ አያደርገውም።

ተደጋግሞ ያው ውጤት

እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በደቢያን ውስጥ አንድ ምንጭ ኮድ በተለያየ ጊዜ ሲገነባ ቅንጣት ልዩነት የሌለው ውጤት እንዲሰጥ የሚሠራ ጥረት አለ። ዓላማው የተሰራጨው ጥቅል በእርግጥ ከታወቀው ምንጭ ኮድ የወጣ መሆኑን ማንም ሰው ራሱ ገንብቶ እንዲያረጋግጥ ነው። የሰነድ መሣሪያዎች የግንባታውን ቀን በገጹ ግርጌ ስለሚጽፉ ውጤቱን ይለያዩታል። መፍትሔው «ሶርስ-ዴት-ኢፖክ» የሚባል ተለዋዋጭ ነው። ይህ ተለዋዋጭ የዕለቱን ቀን ትቶ በለውጦች መዝገብ ላይ የተጻፈውን የመጨረሻ ቀን ለመሣሪያዎቹ ይሰጣል።

የመለየቱ ዋጋ

ቀደም ሲል የ«ኦል» ጥቅሎች አብዛኛውን ጊዜ የሚገነቡት በጥቅሉ ኃላፊ የግል ኮምፒውተር ላይ ነበር። በዚያ ማሽን ላይ አስቀድሞ የተጫነ መሣሪያ በ«ኮንትሮል» ሳይመዘገብ ቢቀር ስህተቱ ሳይታወቅ ይቆያል። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ግን ጥቅል ለቀጣዩ እትም የሚያልፈው በፕሮጀክቱ የግንባታ ማሽኖች ሲገነባ ነው።

ሌላው ዋጋ በተጠቃሚው ላይ ይወድቃል። የሰነድ ጥቅል ሲጫን ፋይሎቹ በኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ ስለሚቀመጡ ያለ ኢንተርኔት ይነበባሉ። ግንኙነት በሌለበት የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ላለ ተማሪ ብቸኛው መመሪያ ይህ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ጥቅሉ አብሮ ስለማይጫን መኖሩን የማያውቅ ሰው ሶፍትዌሩ መመሪያ የሌለው ሊመስለው ይችላል። ኢንተርኔት በሚገኝበት ጊዜ የፕሮግራሙን ስም «ዶክ» ከሚለው ቅጥያ ጋር በጥቅሎች ዝርዝር ውስጥ መፈለግና አስቀድሞ መጫን ይህን ችግር ያስቀራል።