ቪዛው ላይ የተጻፈውን ሙያ አንብቡ
(ለነርስነት ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ለሚያስቡና ለቤተሰቦቻቸው)

በዚህ ገጽ አብዛኛውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ምግብና ስለ መድኃኒት ነው። በዚህ ወር ግን መርፌውን ስለሚወጉት፣ ቁስሉን ስለሚያጥቡት ሰዎች እንነጋገር። ምክንያቱ ቃላሚኖ ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት የመጣች አንዲት ነርስ ናት። ባንኮኒው ላይ ያስቀመጠችው የመድኃኒት ማዘዣ ሳይሆን የቪዛ ወረቀት ነበር። «እህቴ፣ መድረሳ ቀርተሻል አሉኝ፤ እስቲ ዓረብኛውን አንብቢልኝ» አለችኝ። «አልሚህና» ከሚለው ቃል ጎን፣ ማለትም ሙያ በሚለው ቦታ ላይ፣ «ዓሚላ መንዚሊያ» ይላል። የቤት ሠራተኛ ማለት ነው። አራት ዓመት ነርሲንግ የተማረች ልጅ! ደላላው «እዚያ ስትደርሺ ይቀየራል» ብሏታል፤ የእናቷም ወርቅ ተሽጦ ቀብድ ተከፍሏል። ቀብዱ እስካሁን አልተመለሰላትም።

ልጅቷን አልፈርድባትም። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዘለቀው ጦርነት በትግራይ ያሉ የጤና ባለሙያዎች ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ደመወዝ ሠርተዋል። ቤት ያለው ዕዳ ገና አልተከፈለም። መሄዱ ነውር አይደለም፤ ሙያን ጥሎ መሄዱ ግን ትልቅ ኪሳራ ነው።

«እዚያ ይቀየራል» የሚለው ቃል ለምን ባዶ እንደሆነ ልንገራችሁ። በሳዑዲ ዓረቢያ አንድ ሆስፒታል ነርስ አድርጎ የሚቀጥረው በአገሪቱ የጤና ሙያዎች ኮሚሽን የተመዘገበን ሰው ብቻ ነው። የቤት ሠራተኛ ደግሞ የምትገባው በአንድ ቤተሰብ ስም ነው፤ ዋናው የሠራተኛ ሕግም አይሸፍናትም፣ የምትተዳደረው በተለየ ደንብ ነው። ሁለቱ በሮች አይገናኙም። በዚህ መካከል ዓመታት ያልፋሉ፤ የሙያ ፈቃዱ ጊዜው ያበቃል፣ እጅም ከሥራው ይርቃል።

ስለዚህ ቁርኣን የቀራ ሁሉ ቪዛውን ራሱ ያንብብ። የነርስ ቪዛ ላይ «ሙመሪዳ» ወይም ለወንድ «ሙመሪድ» ይላል፤ አንዳንዴም «ተምሪድ» የሚል ቃል ያለበት ረዘም ያለ መጠሪያ ይሆናል። ሚም፣ ራ እና ዷድ ተከታትለው ካላያችኋቸው (መሪድ፣ በሽተኛ የሚለው ቃል የወጣባቸው ፊደላት ናቸው) አትፈርሙ። ማንበብ የማይችል የመስጂዱን ኡስታዝ ይጠይቅ።

አሁን ወደ አጀማመሩ እንምጣ። ብዙ ሰው ኤጀንሲ ፍለጋ ይጀምራል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ግን መጀመሪያ ሰነድን ማስተካከል ነው። የሙያ ፈቃዳችሁ ያልታደሰ ከሆነ አሳድሱ። በሙያችሁ ላይ ክስም ቅጣትም እንደሌለባችሁ የሚገልጸውን፣ «ጉድ ስታንዲንግ» የሚባለውን ደብዳቤ ጠይቁ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በዲግሪ የሚመረቁ የጤና ባለሙያዎች በጤና ሚኒስቴር የሚሰጠውን አገር አቀፍ የፈቃድ ፈተና ማለፍ አለባቸው፤ የሳዑዲው ወይም የዱባዩ ፈተና ይህንን አይተካም።

ቀጥሎ ዳታፍሎው የሚባል ድርጅት አለ። ሥራው ለባሕረ ሰላጤው አገሮች የጤና መሥሪያ ቤቶች የአመልካችን ዲግሪና የሥራ ልምድ ከምንጩ ማጣራት ነው። እናንተ የሰጣችሁትን ወረቀት ብቻ አይቶ አያምንም፤ የተማራችሁበትን ተቋምና የሠራችሁበትን ሆስፒታል ራሱ ይጠይቃል። ሬጅስትራሩ መልስ ካልሰጠ ፋይላችሁ እዚያው ይቆማል። በዩኒቨርሲቲያችን ወይም በዓይደር ሆስፒታል ያለፋችሁ፣ ከማመልከታችሁ በፊት በእግራችሁ ሄዳችሁ ጥያቄው ለማን እንደሚደርስ አረጋግጡ።

የእኛ የሙስሊሞች ልዩ ችግር ደግሞ ስም ነው። በዲፕሎማው በእንግሊዝኛ ፊደል «ሞሐመድ»፣ በፓስፖርቱ «ሙሐመድ»፣ በሥራ ልምዱ ደግሞ «መሐመድ» ተብሎ የተጻፈ ሰው ስንት ነው? ፋጡማና ፋጢማም እንዲሁ። ለእኛ አንድ ስም ነው፤ ለሚያጣራው ሰው ግን ሦስት ሰው ነው። በፓስፖርቱ ያለውን አጻጻፍ መሠረት አድርጋችሁ ሌሎቹን በጊዜ አስተካክሉ፤ የልደት ቀንም ከኢትዮጵያ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲቀየር በሁሉም ላይ አንድ መሆኑን እዩ።

ከማጣራቱ ጎን ፈተና አለ፤ ፕሮሜትሪክ በሚባለው ሥርዓት በኮምፒውተር የሚሰጥ ነው። በሳዑዲ ምደባ ዲግሪ ያላት ስፔሻሊስት፣ ዲፕሎማ ያላት ቴክኒሻን ትባላለች፤ ደመወዙም ይለያያል። እኔም የዲፕሎማ ሰው ስለሆንኩ ይህ ቢቆረቁረኝም፣ እውነቱን አውቆ መሄድ ይሻላል።

ኤጀንሲ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አንድ ነገር ያዙ፦ የእውነተኛ ኤጀንሲ ገቢ ከአሠሪው እንጂ ከሠራተኛው አይደለም። በአሜሪካ ከሆስፒታል ሆስፒታል እየተዘዋወሩ፣ ብዙውን ጊዜ በ13 ሳምንት ውል የሚሠሩ ነርሶች አሉ፤ እዚያም ለኤጀንሲው የሚከፍለው ሆስፒታሉ ነው። የእኛም አገር ሕግ በዚሁ መንገድ ይሄዳል። በ2006 ዓ.ም. ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ሲመለሱ የሥራ ጉዞው ታግዶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወጣ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1246 ተሻሻለ። በአዋጁ መሠረት ቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ኢንሹራንሱን የሚከፍለው አሠሪው ነው። የእናንተ ወጪ የፓስፖርት፣ ከወንጀል ነፃ ማስረጃ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የጤና ምርመራ፣ የክትባት፣ የብቃት ማረጋገጫና የመሳሰሉት ናቸው። «የቪዛ ቀብድ» የሚል ሰው በዚህ ዝርዝር ውስጥ ቦታ የለውም።

ፈቃድ የሚሰጠው ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው። አብዛኞቹ ኤጀንሲዎች ዋና ቢሯቸው አዲስ አበባ ስለሆነ መቀሌ ላይ የምናገኘው «የእነሱ ሰው ነኝ» የሚል ደላላ ነው። የድርጅቱን ስም ይዛችሁ ፈቃዱን ከሚኒስቴሩ አጣሩ፤ ደላላውንም ወደ ቢሮው ደውላችሁ ያውቁት እንደሆነ ጠይቁ። ይህ አጉል ጥርጣሬ አይደለም። ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ የዋስትና ገንዘብ አስይዟል፣ ውሉ ቢጣስም ከአሠሪው ጋር አብሮ ተጠያቂ ነው። ደላላውን ግን ስልኩን ካጠፋ የት ታገኙታላችሁ? ዋናውን ዲፕሎማ ለማንም አትስጡ፤ ኮፒ ይበቃል።

ስለ እንግሊዝ አገርም እጠየቃለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት የጤና ባለሙያ እጥረት ያለባቸውን አገሮች ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ2023 ሲያድስ 55 አገሮችን አስፍሯል፤ ኢትዮጵያም አለችበት። የእንግሊዝ መንግሥት የአሠራር መመሪያ ከእነዚህ አገሮች ኤጀንሲዎች ሄደው ነርስ እንዳይመለምሉ ይከለክላል፤ ነርሷ በራሷ ብታመለክት ግን አይከለክላትም። ስለዚህ «ለእንግሊዝ ሆስፒታሎች ነርስ እንመለምላለን» የሚል ማስታወቂያ መቀሌ ላይ ካያችሁ ጥያቄ ይኑራችሁ።

በውሉ ላይ የሆስፒታሉ ስም፣ የሥራ መደቡ፣ የደመወዙ መጠን፣ የሥራ ሰዓቱ፣ የዕረፍት ቀኑ፣ ማደሪያው፣ የመመለሻ ትኬቱ ይጻፍ። በሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ፣ የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ፣ ዕዳን ስለ መጻፍና ምስክር ስለ ማቆም መሆኑን ሁላችንም ቀርተናል፤ ቤታችን ስንገባ ግን «በአማና ነው» እንባባላለን። ያለ መሕረም ስለ መጓዝ የሚነሣውን ጥያቄ ለዑለማዎቻችን እተወዋለሁ።

ወደ ራሴ ሙያ ልመለስ። የጉበት ቫይረስ ቢ ክትባት ሦስት ጊዜ ይሰጣል፤ ሁለተኛው ከአንድ ወር፣ ሦስተኛው ከመጀመሪያው በስድስተኛው ወር። ብዙ ሆስፒታሎች የክትባቱን ማስረጃ ስለሚጠይቁ ሰነድ ማሰባሰብ በጀመራችሁበት ሳምንት የመጀመሪያውን ተወጉ። የጤና ምርመራው የደረት ራጅ፣ የጉበት ቫይረስና የኤችአይቪ ምርመራ አለው፤ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ካለባችሁ ከምርመራው በፊት ታከሙ። በሻንጣችሁ ትራማዶል ወይም ኮዴይን ያለበት ማስታገሻ እንዳይገኝ፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ጥብቅ ቁጥጥር ስላለበት ሰው ያሳስራል። ለሌላ ሰው «መድኃኒት አድርሽልኝ» ተብሎ የሚሰጥ ፌስታልም አትያዙ። የራሳችሁን የዘወትር መድኃኒት ግን ከነማሸጊያው፣ የሐኪሙ ማዘዣ በእንግሊዝኛ ተጽፎና ማኅተም አርፎበት፣ በእጅ ሻንጣ ያዙት።