ፊት አይቶ መፍረድ፦ ጥናቶቹ ምን ይላሉ?

«ሰውየው ፊቱ አላማረኝም» ተብሎ የቀረ ውል፣ ያልተከራየ ቤት፣ የተመለሰ ሽማግሌ ጥቂት አይደለም። እንዲህ ያለው ፍርድ ማስረጃ አይጠየቅበትም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ግን ፍርዱን ራሱን ሲመረምሩ ቆይተዋል፤ በምን ፍጥነት እንደምንሰጠው፣ ፊት ላይ ምኑን አይተን እንደምንሰጠው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ልክ መሆን አለመሆኑን።

ስለ ፍጥነቱ ሲነሳ የሚጠቀሰው ጃኒን ዊሊስና አሌክሳንደር ቶዶሮቭ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ሠርተው በ2006 ያሳተሙት ጥናት ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ተሳታፊዎቹ የማያውቁትን ሰው ፎቶ ለ100 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም ለሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ያያሉ። ከዚያ ሰውየው ይታመናል? ሥራ ይችላል? ኃይለኛ ነው? ተብለው ይጠየቃሉ። መልሳቸው ፎቶውን ያለ ጊዜ ገደብ ካዩ ሰዎች መልስ ጋር በጣም ተቀራረበ። ጊዜ ሲጨመርላቸው በዋናነት የጨመረው በፍርዳቸው መተማመናቸው ነው። ይህ ቀላል ግኝት አይደለም። «ደህና አድርጌ አይቼዋለሁ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ያየው መጀመሪያ ያየውኑ ነው፤ የተለየው ነገር አሁን እርግጠኛ መሆኑ ነው።

ምኑን ነው የምናየው? ኒኮላስ ኦስተርሆፍና ቶዶሮቭ በ2008 እንዳሳዩት፣ ስለ ፊት የምንሰጣቸው ብዙ ዓይነት ፍርዶች በሁለት ጥያቄዎች ሥር ይጠቃለላሉ። ይህ ሰው ለእኔ ክፉ ያስባል ወይስ ደግ? ያሰበውንስ ለመፈጸም አቅም አለው? የከንፈሩ ጫፍ በተፈጥሮው ትንሽ ወደ ላይ ያለ ሰው ሳይስቅ የሳቀ ስለሚመስል ይታመናል። ቅንድቡ ወደ ዓይኑ የቀረበ ደግሞ ሳይቆጣ የተቆጣ ይመስላል፤ እንጠነቀቀዋለን። ሌስሊ ዘብሮዊትስ ለዓመታት ያጠናችው የሕፃን የሚመስል ፊትም እንዲሁ ነው። ትልልቅ ዓይን፣ ክብ ፊትና ትንሽ አገጭ ያለው አዋቂ የዋህና ደካማ ተደርጎ ይታያል። አእምሯችን ለስሜትና ለዕድሜ የሚጠቀምበትን ንባብ ያለ ቦታው ወደ ጠባይ ያሻግረዋል ማለት ነው።

እነዚህ ፍርዶች ደግሞ በከፊል የጋራ ናቸው። በ2021 የታተመ፣ በ41 አገሮች ከ11 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ መታመንና ኃያልነት በብዙ የዓለም ክፍሎች ተመሳሳይ ሚና እንዳላቸው አሳይቷል፤ ልዩነቶችም ነበሩ። መንትዮች ላይ በ2020 የተሠራ ሌላ ጥናት፣ ማን እንደሚታመን ሰው ከሰው የሚለያይበት ምክንያት በአብዛኛው የግል የሕይወት ገጠመኝ እንጂ ከወላጅ የተወረሰ ነገር እንዳልሆነ አመልክቷል። ዱሮ የበደለንን ሰው የሚመስል ሰው የሌላውን ዕዳ ይከፍላል።

ብዙ ሰው መስማማቱ ታዲያ ፍርዱን እውነት ያደርገዋል? እዚህ ላይ ረጅም ታሪክ አለ። በአርስቶትል ስም ይዞር ከነበረው ጥንታዊ ጽሑፍ ጀምሮ፣ በ1586 የሰውን ፊት ከእንስሳ እያነጻጸረ እስከጻፈው ጣሊያናዊው ዴላ ፖርታ፣ በ1770ዎቹ አውሮፓን ካነጋገረው የዙሪኩ ቄስ ላቫተር እስከ ወንጀል ተመራማሪው ሎምብሮሶ ድረስ፣ ብዙዎች ጠባይ ፊት ላይ ተጽፏል ብለዋል። ቻርለስ ዳርዊን በሕይወት ታሪኩ እንደተረከው፣ የላቫተር ተከታይ የነበረው ካፒቴን ፊትዝሮይ በአፍንጫው ቅርጽ ብቻ ለጉዞው የሚበቃ ብርታት የለውም ብሎ ቢግል በተባለችው መርከብ ሊያሳፍረው አመንትቶ ነበር። ሎምብሮሶ በ1876 ወንጀለኛ በመልኩ ይለያል ሲል ደግሞ ነገሩ ከአፍንጫ ቀልድ አልፎ የሰው ነፃነት ጉዳይ ሆነ።

በእኛም የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊቱን ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይኑ ሲሣል፣ ክፉው በጎኑ፣ አንድ ዓይኑ ብቻ እየታየ ይሣላል። ሠዓሊው ግን የሰውየውን ሥራ አስቀድሞ ያውቃል፤ ፊቱን የሚሥለው ካወቀ በኋላ ነው። መንገድ ላይ የምናገኘውን ሰው ማንም እንዲያ አድርጎ አልሣለልንም።

በእኔ እምነት ፊት አይቶ የመፍረድን ልማድ ደካማነት ከሁሉ በላይ ያጋለጠው ሮብ ጄንኪንስና ባልደረቦቹ በ2011 የሠሩት ሙከራ ነው። የሁለት የኔዘርላንድ ታዋቂ ሰዎችን ሃያ ሃያ ፎቶ ቀላቅለው፣ ሰዎቹን ለማያውቁ ብሪታንያውያን ሰጡና «በየሰው ለዩአቸው» አሏቸው። አማካዩ መላሽ ፎቶዎቹን ሰባት ተኩል በሚያህል ክምር ለየ። ሁለት ብቻ ናቸው ያለ አልተገኘም። ሰዎቹን የሚያውቁ ኔዘርላንዳውያን ግን ያለ ችግር ለዩ። ቶዶሮቭና ጄኒ ፖርተር በ2014 ደግሞ የአንድ ሰው የተለያዩ ፎቶዎች የተለያየ የጠባይ ግምት እንደሚያሰጡ አሳዩ። ጠዋት የተነሳው ጉርድ ፎቶ የሚታመን፣ ማታ የተነሳው የማይታመን ከሆነ፣ የተፈረደበት የሰውየው ጠባይ ሳይሆን የካሜራው መብራት ነው።

ፊት ምንም አይናገርም ማለት አይደለም። ድካም፣ ሕመም፣ ሐዘን፣ ዕድሜ ይነበብበታል። ተግባቢነትን በመሳሰሉ ጥቂት ጠባዮችም ግምታችን ከዕድል ትንሽ የሚሻልበት ጊዜ አለ። ታማኝነት ላይ ግን ማስረጃው እጅግ የሳሳ ነው።

ፊት አይቶ መፍረድ የሚያስከፍለው ዋጋ ግን ቀላል አይደለም። በ2005 የቶዶሮቭ ቡድን ለአንድ ሰከንድ በታዩ ፎቶዎች ብቻ «የትኛው ብቁ ይመስላል?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የተመረጠው ፊት ከአሜሪካ ሴኔት ውድድሮች 70 በመቶ ገደማ አሸናፊ የሆነው ሰው ነበር። በ2009 በስዊዘርላንድ ሕፃናት «የመርከባችሁ ካፒቴን ማን ይሁን?» ተብለው የመረጧቸው ፊቶች በብዛት የፈረንሳይ ፓርላማ ምርጫ አሸናፊዎች ሆነው ተገኙ። ፍሎሪዳ ውስጥ በነፍስ ግድያ ከተፈረደባቸው መካከል፣ ፊታቸው የማይታመን የሚመስለው ከዕድሜ ልክ እስራት ይልቅ ሞት የተፈረደባቸው የመሆን ዕድላቸው ከፍ ብሎ መገኘቱን ጆን ፖል ዊልሰንና ኒኮላስ ሩል በ2015 አሳትመዋል። ይህ ዝንባሌ በኋላ ንጹሕ መሆናቸው ታውቆ በተፈቱት ላይም ታይቷል። ይህን አንብቦ ዝም ማለት ይከብዳል።

አሁን ደግሞ ኮምፒውተር ገብቶበታል። በ2016 ሁለት የሻንጋይ ተመራማሪዎች ወንጀለኛን ከፎቶው የሚለይ ፕሮግራም ሠራን አሉ። ተቺዎች ፎቶዎቹን ሲያዩ ግን ወንጀለኛ ያልሆኑት በብዛት ኮሌታ ያለው ሸሚዝ የለበሱና ፈገግ ያሉ ሆነው አገኟቸው፤ ፕሮግራሙ የለየው ይህንኑ ሊሆን ይችላል። የሎምብሮሶ ሐሳብ በአዲስ ልብስ ተመልሷል።

ነገሩ ከእኛም ሩቅ አይደለም። ወደ አረብ አገር ለቤት ሠራተኛነት የሚሄዱ እህቶቻችንን ቀጣሪ ብዙ ጊዜ የሚመርጣቸው ኤጀንሲ ካዘጋጀው ማኅደር ላይ ፎቷቸውን አይቶ ነው። እዚህም ሥራ ሲፈለግ ማመልከቻ ላይ ጉርድ ፎቶ ይጠየቃል። ቀጣሪ የሆናችሁ፣ ማመልከቻ ስታጣሩ ፎቶውን ከግምት አታስገቡ፤ ችሎታውን ፈትኑ፣ የሠራበትን ቦታ ጠይቁ። ሰውየውን ፊት ለፊት የምታዩት ከዚያ በኋላ ይሁን።