ራምና የውስጥ ግራፊክስ፦ ርካሽ የጌም ኮምፒውተር የሚፈጥንባቸው መንገዶች

የጌም ኮምፒውተር ሲገጣጠም ወጪውን የሚያንረው አብዛኛውን ጊዜ ግራፊክስ ካርዱ ነው። ለካርድ የሚሆን ገንዘብ በማይኖርበት ጊዜ የሚመረጠው ግራፊክሱ ከፕሮሰሰሩ ጋር በአንድ ቺፕ ላይ የተሠራ፣ የውስጥ ግራፊክስ ያለው ዕቃ ነው። ኤኤምዲ የግራፊክስ አምራቹን ኤቲአይን እ.ኤ.አ. በ2006 ከገዛ በኋላ በ2011 እንዲህ ያሉ ጥምር ቺፖችን ለገበያ ማቅረብ ጀመረ። በፌብሩዋሪ 2018 የወጣው ራይዘን 3 2200ጂ አራት ኮር ያለውን ፕሮሰሰርና ቬጋ 8 የተባለውን ግራፊክስ አጣምሮ በ99 ዶላር በመሸጡ በርካታ ርካሽ የጌም ኮምፒውተሮች በእሱ ላይ ተገጣጠሙ።

ፕሮሰሰሩን፣ ግራፊክሱንና ራሙን አምራቹ ከወሰነላቸው ፍጥነት በላይ ማሠራት ኦቨርክሎክ ይባላል። በውስጥ ግራፊክስ ላይ ኦቨርክሎክ የራሱ ቅደም ተከተል አለው። ብዙ ሰው በቀጥታ ወደ ግራፊክሱ ፍጥነት ይሄዳል፤ ትልቁ ትርፍ ግን የሚገኘው ከራሙ ነው።

ግራፊክሱ የሚጠብቀው ምንድን ነው?

ቬጋ 8 በውስጡ 512 የስሌት ክፍሎች አሉት። የፋብሪካ ፍጥነቱ 1100 ሜጋኸርዝ ሲሆን እያንዳንዱ ክፍል በአንድ ዑደት ሁለት ስሌት ይሠራል። ሁሉም ሲደመር በሴኮንድ ወደ 1.13 ትሪሊዮን ስሌት ይደርሳል። ለዋጋው ትልቅ አቅም ቢሆንም ስሌቱ የሚሠራበት መረጃ በጊዜው መድረስ አለበት። ምጣዱ የቱንም ያህል ቢግል ሊጡ ካልቀረበ እንጀራ አይወጣም።

ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ የግሉ ማህደረ ትውስታ አለው። ለምሳሌ ጂቲኤክስ 1050 የተባለው የኤንቪዲያ ካርድ በጂዲዲአር5 ማህደረ ትውስታው አማካኝነት በሴኮንድ 112 ጊጋባይት መረጃ ያስተላልፋል። የውስጥ ግራፊክስ ግን የራሱ ማህደረ ትውስታ ስለሌለው የኮምፒውተሩን ራም ይጠቀማል፤ እሱንም ከፕሮሰሰሩ ጋር ይሻማል። ዲዲአር4 በተባለው የራም ዓይነት አንድ ቻናል (የመረጃ መተላለፊያ) 64 ቢት ወይም 8 ባይት ስፋት አለው። በ2400 ፍጥነት፣ ማለትም በሴኮንድ 2400 ሚሊዮን ጊዜ እያስተላለፈ የሚሠራ አንድ ራም በሴኮንድ የሚያስተላልፈው 19.2 ጊጋባይት ብቻ ነው፤ ይህም ካርዱ ከሚያገኘው ስድስተኛ እጅ አካባቢ ነው።

ይህ መጠን ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ቀላል ስሌት ያሳያል። በስፋት 1920፣ በቁመት 1080 ነጥብ ያለው ስክሪን 2,073,600 ነጥቦች አሉት። የእያንዳንዱ ነጥብ ቀለም 4 ባይት ቢይዝና ምስሉ በሴኮንድ 60 ጊዜ ቢታደስ፣ ቀለሙን አንድ ጊዜ ለመጻፍ ብቻ በሴኮንድ ወደ ግማሽ ጊጋባይት ያስፈልጋል። በእውነተኛ ጌም ውስጥ ግን አንድ ነጥብ በተደጋጋሚ ይሳላል፤ የጥልቀት መረጃው ይነበባል፣ ይጻፋል፤ የግድግዳው፣ የአፈሩና የልብሱ ምስል ከራም ይመጣል፤ የጥላና የብርሃን ስሌትም የየራሱን ንባብ ይጨምራል። ፍላጎቱ በዚህ መንገድ ብዙ እጥፍ ስለሚያድግ የስሌት ክፍሎቹ ከሚሠሩበት ይልቅ መረጃ የሚጠብቁበት ጊዜ ይበዛል።

ሁለት ራም መሰካት

ከማንኛውም ኦቨርክሎክ በፊት የሚቀድመው ሁለት ራም በሁለት ቻናል ማሠራት ነው። ባለ 16 ጊጋባይት አንድ ራም ከመግዛት ባለ 8 ጊጋባይት ሁለት መግዛት ይመረጣል። ጠቅላላ መጠኑ ባይለወጥም የመረጃው መተላለፊያ እጥፍ ይሆናል፤ በ2400 ፍጥነት 19.2 የነበረው ወደ 38.4 ጊጋባይት በሴኮንድ ያድጋል። የውስጥ ግራፊክስ ባለው ኮምፒውተር ላይ ይህ ብቻውን በብዙ ጌሞች በሴኮንድ የሚሣሉትን ምስሎች ብዛት፣ ማለትም የፍሬም ቁጥሩን፣ በሩብና ከዚያም በላይ ከፍ ሊያደርግ ይችላል።

ራሞቹ የሚሰኩበት ቦታም ወሳኝ ነው። አራት የራም ማስገቢያ ባለው ማዘርቦርድ ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ከተሰኩ በአንድ ቻናል ላይ ሊያርፉ ይችላሉ። በአብዛኞቹ ቦርዶች ትክክለኛው ቦታ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ነው። ሲፒዩ-ዚ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ራሙ በስንት ቻናል እንደሚሠራ ያሳያል።

የራም ፍጥነትና መዘግየት

በማሸጊያው ላይ 3200 የሚል ራም የገዛ ሰው ኮምፒውተሩ ሲነሳ 2133 ወይም 2400 ብቻ ሊያገኝ ይችላል። ማዘርቦርዱ በቅድሚያ የሚመርጠው ለሁሉም የሚስማማውን መደበኛ ፍጥነት ስለሆነ ነው። አምራቹ የፈተነው ከፍተኛ ፍጥነት ኤክስኤምፒ በሚባል መዝገብ በራሙ ላይ ተጽፎ ይቀመጣል፤ ይህን አሠራር ኢንቴል በ2007 አስተዋውቆታል። ለዲዲአር5 ራም ኤኤምዲ በ2022 ኤክስፖ የተባለ የራሱን አውጥቷል። የማዘርቦርዱ ቅንብር ወደሚቀየርበት ባዮስ ገብቶ ይህን መዝገብ ማብራት ቀላሉ የራም ኦቨርክሎክ ነው። የዲዲአር4 መደበኛ ቮልቴጅ 1.2 ሲሆን በኤክስኤምፒ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 1.35 ቮልት ከፍ ይላል።

ራሙ ከ2400 ወደ 3200 ሲያድግ የሁለቱ ቻናሎች አቅም ከ38.4 ወደ 51.2 ጊጋባይት በሴኮንድ ይደርሳል፤ ጭማሪው አንድ ሦስተኛ ነው። በ3600 ደግሞ 57.6 ይሆናል። የፍሬም ቁጥሩ ግን የፕሮሰሰሩና የግራፊክሱ ስሌትም ስላለበት በዚያው ልክ አያድግም።

ከፍጥነቱ ጎን ሲኤል የሚባለው የመዘግየት ቁጥር አለ። ይህ ቁጥር መረጃ ከተጠየቀ በኋላ እስኪመጣ የሚያልፉትን ዑደቶች ይናገራል። በናኖሴኮንድ ለማወቅ የሲኤሉ ቁጥር በ2000 ተባዝቶ በራሙ ፍጥነት ይካፈላል። በዚህ ስሌት ሲኤል 16 የሆነ 3200 ራም 10 ናኖሴኮንድ፣ ሲኤል 18 የሆነ 3600 ራምም እንዲሁ 10 ናኖሴኮንድ ይወስዳል። ሲኤል 17 የሆነ 2400 ራም ግን 14 ናኖሴኮንድ አካባቢ ይፈጅበታል። ስለዚህ የሲኤል ቁጥር ማነስ ብቻውን ራሙ የተሻለ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ከፍጥነቱ ጋር አብሮ መታየት አለበት።

በራይዘን 2200ጂ ላይ የራም ፍጥነት ሌላም ጥቅም ይሰጣል። የቺፑን ክፍሎች የሚያገናኘው ኢንፊኒቲ ፋብሪክ የተባለው መስመር ከራሙ ሰዓት ጋር እኩል ይሄዳል። የራሙ ሰዓት ከፍጥነት ቁጥሩ ግማሽ ስለሆነ፣ ራሙ 3200 ሲሆን መስመሩ በ1600 ሜጋኸርዝ ይሠራል፤ ፕሮሰሰሩም በዚሁ ይጠቀማል።

ግራፊክሱን ማፍጠን

ራሙ ከተስተካከለ በኋላ የግራፊክሱ ተራ ይደርሳል። የመጀመሪያው ጥያቄ ማዘርቦርዱ ይፈቅዳል ወይ የሚለው ነው። ቢ350ና ቢ450 ቺፕሴት ያላቸው ቦርዶች ኦቨርክሎክን ይፈቅዳሉ፤ በጣም ርካሹ ኤ320 ግን ለዚህ አልተሠራም።

በባዮስ ውስጥ የግራፊክሱ ፍጥነት በትንሽ በትንሹ፣ ለምሳሌ በ50 ሜጋኸርዝ ጭማሪ እየተሞከረ ይወጣል። ብዙ ቬጋ 8 ግራፊክሶች 1500 ሜጋኸርዝ አካባቢ ይደርሳሉ፤ ይህም ከፋብሪካው ፍጥነት በ36 በመቶ ይበልጣል። ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት ቺፖች ግን እኩል አይደርሱም። በሲሊከኑ ላይ ያሉ ጥቃቅን ልዩነቶች አንዱን በዝቅተኛ ቮልቴጅ ሲያፈጥኑት ሌላውን ቀድመው ያቆሙታል።

የግራፊክሱ ፍጥነት ሲጨምር ቮልቴጅም መጨመር ሊያስፈልግ ይችላል። የውስጥ ግራፊክሱ ኃይል የሚያገኘው ኤስኦሲ ከሚባለው መስመር ነው። በ2200ጂ ላይ በጥንቃቄ የሚሠሩ ሰዎች ይህን መስመር ከ1.2 ቮልት አያሳልፉም። ጥንቃቄው ከንቱ አይደለም፤ በ2023 አንዳንድ የራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች ከተቃጠሉ በኋላ ኤኤምዲ በዚያ ትውልድ ላይ የኤስኦሲ ቮልቴጅ ከ1.3 እንዳያልፍ የሚገድብ የባዮስ ማሻሻያ አስወጥቷል።

በባዮስ ውስጥ ከራሙ ለግራፊክሱ የሚከለለው መጠንም ይወሰናል። ከ8 ጊጋባይት ራም ላይ 2 ጊጋባይት ከተከለለ ለዊንዶውስና ለጌሙ የሚቀረው 6 ብቻ ነው። ግራፊክሱ ሲያስፈልገው ተጨማሪ ራም ስለሚበደር መጠኑን ማብዛት በራሱ ፍጥነት አይጨምርም።

ኃይልና ሙቀት

አንድ ቺፕ ሲሠራ የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በካሬው ያድጋል። ግራፊክሱ ከ1100 ወደ 1500 ሜጋኸርዝ፣ ቮልቴጁም ከ1.1 ወደ 1.2 ቢወጣ የኃይል ፍጆታው ወደ 62 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ተጨማሪው ኃይል ሁሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። የ2200ጂ የሙቀት ጣሪያ 95 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን እዚያ ሲደርስ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ በኦቨርክሎክ የተገኘውም ትርፍ ይጠፋል። ስለዚህ ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚመጣው ፋን ንጹሕ መሆን፣ ቴርማል ፔስቱ አለመድረቅና ለሣጥኑ አየር ማስገቢያና ማስወጫ መኖር ግድ ይላል። ኤችደብሊው ኢንፎ የተባለው ነጻ ፕሮግራም በጨዋታ መሃል ሙቀቱን፣ ቮልቴጁንና ትክክለኛውን ፍጥነት ይመዘግባል።

ሙቀት ራሙንም ይጎዳል። የራም ሕዋሶች መረጃን የሚይዙት በጥቃቅን የኤሌክትሪክ ክምችት ነው፤ ክምችቱ ስለሚያፈስ ሁሉም በ64 ሚሊሴኮንድ ውስጥ እንደገና መሞላት አለባቸው። ራሙ ሲግል ፍሰቱ ይፈጥናል፤ ከ85 ዲግሪ በላይ መሙላቱ በእጥፍ መደጋገም ይኖርበታል። ቀዝቀዝ ባለ ጠዋት ያለ ስህተት የሠራ ፍጥነት ከረጅም ጨዋታ በኋላ ሊሳሳት የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

አስተማማኝነቱን መፈተሽ

የግራፊክስ ስህተት ይታያል፤ በስክሪኑ ላይ እንግዳ ነጥቦችና መስመሮች ይወጣሉ፣ ጌሙ ይዘጋል ወይም ስክሪኑ ይጠፋል። የራም ስህተት ግን ሳይታይ ፋይል ሊያበላሽ ይችላል። በተሳሳተ ራም ላይ ያለፈ ሰነድ፣ ፎቶ ወይም የዊንዶውስ ፋይል የተበላሸ ሆኖ ዲስክ ላይ ይጻፋል። በዚህ ምክንያት አስፈላጊ ፋይሎች በሌላ ዲስክ ላይ መቀመጣቸው ከሁሉ ይቀድማል።

ከእያንዳንዱ የራም ለውጥ በኋላ ከፍላሽ የሚነሳው ሜምቴስት86 ሙሉ ዙር መሥራት አለበት፤ አንድ ስህተት እንኳ ከታየ ፍጥነቱ ይቀነሳል። ለግራፊክሱ እንደ ፈርማርክ ያለ ከባድ ፈተና፣ ከዚያም በተለምዶ የሚጫወቱት ጌም ለረጅም ሰዓት ይሞከራል። በአንድ ጊዜ መለወጥ ያለበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለት ነገር ከተለወጠ የስህተቱ ምንጭ አይታወቅም። ኮምፒውተሩ መነሳት እምቢ ካለ በማዘርቦርዱ ላይ ያለው የሲሞስ ማጥፊያ ባዮሱን ወደ ፋብሪካ ሁኔታው ይመልሰዋል። በኦቨርክሎክ የደረሰ ጉዳት በአምራቹ ዋስትና እንደማይሸፈንም አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

ኦቨርክሎክ ለማይፈቅዱ ኮምፒውተሮች

ከቢሮ የወጡ ያገለገሉ ዴል ኦፕቲፕሌክስና ኤችፒ ኤሊትዴስክ ኮምፒውተሮች ባዮሳቸው ፍጥነት ለመቀየር አይመችም። በእነዚህ ላይ ሁለተኛ ራም መሰካት ዋናው መፍትሔ ነው፤ በአንድ ራም ለሚሸጡና ሁለተኛ ማስገቢያ ላላቸው ላፕቶፖችም ይኸው ይሠራል። የስክሪኑን ጥራት ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 መቀነስም የነጥቦቹን ቁጥር ወደ 921,600 ያወርደዋል፤ ግራፊክሱ የሚሥለው ከግማሽ በታች ይሆናል።

ከ2200ጂ በኋላ የመጡት ቺፖችም የውስጥ ግራፊክስን ራሙ ይገድበዋል ከሚለው ሕግ አልወጡም። በ2021 ለገበያ የቀረበው ራይዘን 5 5600ጂ ግራፊክሱ 1900 ሜጋኸርዝ ቢደርስም በይፋ የሚደግፈው ራም ዲዲአር4-3200 ነው። በ2024 የወጣው ራይዘን 7 8700ጂ ወደ ዲዲአር5 ተሻግሮ በይፋዊው የ5200 ፍጥነት 83.2 ጊጋባይት በሴኮንድ ያገኛል፤ ይህም በ2016 የወጣው ጂቲኤክስ 1050 ከነበረው 112 በታች ነው። በጀቱ ውስን የሆነ ገዢ እንግዲህ መጀመሪያ ሁለት ራም ይሰካ፣ ቀጥሎ ኤክስኤምፒን ያብራ፣ ግራፊክሱን በመጨረሻ ይንካ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ትልቁን ትርፍ በትንሹ አደጋ ይሰጣሉ፤ ሦስተኛው ጥሩ ማቀዝቀዣና ለፈተና የሚሆን ትዕግሥት ላለው ሰው ብቻ ይመከራል።