የማኅበር ዕዳና የቤት ገመና

ሰው ብቻውን የማይችለውን ሸክም ከወገኑ ጋራ ሆኖ እንዲሸከመው አባቶቻችን ብዙ ዓይነት ማኅበር አቁመውልናል። በጎንደር ከተማ፥ በአዘዞም ሆነ በአራዳ፥ እንዲሁም በወገራ፥ በዳባት፥ በደባርቅና በጃን አሞራ ደጋ፥ ሰው በጽዋ ማኅበሩ ይጠያየቃል፤ በሰንበቴው ነዳያንን ያበላል፤ በእድሩ የሞተበትን ይቀብራል፥ ያዘነውን ያጽናናል። በቅርብ ዘመን ደግሞ ሌላ ማኅበር ተጨምሯል፤ ይኸውም በአንድ የጋራ ሕንፃ ውስጥ ቤት ያላቸው ሰዎች ማኅበር ነው። አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤቶች ማኅበር እንዲኖራቸው፥ ለጋራውም ወጪ እንዲያዋጡ ደንግጓልና፥ ደረጃው የሚጠረገው፥ ዘበኛው ደመወዙን የሚያገኘው፥ የተሰበረው ቧንቧ የሚጠገነው በዚሁ መዋጮ ነው።

እነዚህ ማኅበራት በስምና በሥራ ቢለያዩም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ መዋጮ ባለበት ሁሉ ውዝፍ አለ። እኛም ዛሬ ለአንባብያን ልናቀርብ የፈለግነው፥ መዋጮውን ያልከፈለ ሰው ስሙ በማን ፊት ሊነገር ይገባል የሚለውን ጥያቄ ነው።

ልማዱን ብዙዎች ያውቁታል። በአንዳንድ ሰፈር የስብሰባው ቀን ሲደርስ ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ፥ «እገሌ የ4 ወር፥ እገሊት የ6 ወር» እያለ ያነባል። በአንዳንድ ሕንፃ ስምና የቤት ቁጥር በወረቀት ተጽፎ በመግቢያው ላይ ይለጠፋል፤ የቤቱ ልጆች ከጓደኞቻቸው ጋራ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የአባታቸውን ስም በዚያ ያነቡታል። አሁን ደግሞ ዝርዝሩ በቴሌግራም ይላካልና፥ ከሰፈር አልፎ ባሕር ማዶ ካለው ዘመድ ዘንድ ሳይውል ሳያድር ይደርሳል። ይህን የሚያደርጉት ሹማምንት ክፋት አስበው ነው አንልም። ገንዘቡ ካልገባ ድንኳኑ አይገዛም፥ ዘበኛውም አይከፈለውም፤ ስለዚህ ቸግሯቸው የሚያደርጉት ነው። ነገር ግን መድኃኒቱ ከበሽታው የከፋ እንዳይሆን መመርመር ይገባል።

በቀድሞው ዘመን በአገራችን ባለዕዳና ባለገንዘብ በሰንሰለት ወይም በልብሳቸው ጫፍ ተቆራኝተው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። መንገደኛውም ሁሉ አይቶ ባለዕዳውን ይለየው ነበር። ያ ሥርዓት ዛሬ ቀርቷል፤ ቃሉ ግን «በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ» በምንለው አነጋገር ውስጥ አለ። በበር ላይ የተለጠፈው የባለዕዳ ዝርዝር እንግዲህ ምንድር ነው? ሰንሰለቱ በወረቀት ተለወጠ እንጂ ቁራኛነቱ አልቀረም።

ውዝፍ ሁሉ ከስንፍና የሚመጣ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት እንግዳ ከጎንደር በቀረ ጊዜ፥ በአስጐብኚነትና በሆቴል ሥራ ይተዳደር የነበረ ሰው የዕለት ገቢው ተቋረጠበት። በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ በደረሰ ጊዜም ገበሬው ከእርሻው፥ ነጋዴው ከገበያው ተፈናቀለ። እንደዚህ ያለው ሰው ከጎረቤቱ ቀድሞ የሚሸሽገው ነገር ማጣቱን ነው። ስሙ በአደባባይ በተነበበ ጊዜ ከፍሎ ይገላገላል ብለን እንጠብቃለን፤ እርሱ ግን የሌለውን ሊከፍል አይችልምና ከስብሰባው ይቀራል። ቀጥሎ ከልቅሶው ይቀራል፤ በመጨረሻም በራሱ ቤት ኀዘን ሲገባ ሰው መጥራት ያፍራል። ለቀብር የተቋቋመ እድር ሰውን በቁሙ ከወገኑ ለየው ማለት ነው። ደግሞም ኖሮት የማይከፍለው ሰው ስሙ ቢነበብ ምንም አይመስለውም። ስለዚህ ይህ ቅጣት የሚያፍረውን ይጎዳል እንጂ የማያፍረውን አይነካም።

ቅዱሳት መጻሕፍትም በዚህ ነገር መንገድ ያሳዩናል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 አበዳሪው መያዣ ለመቀበል ወደ ባለዕዳው ቤት እንዳይገባ፥ በውጭ ቆሞ እንዲጠብቅ ታዝዟል፤ የገንዘብ መብት የቤትን ገመና አይገልጥምና። በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 4 ባለዕዳ የነበረችው መበለት ዘይቱን በማድጋዎቹ የምትሞላው በርዋን ዘግታ እንዲሆን ነቢዩ ኤልሳዕ ነገራት፤ ዘይቱንም ሸጣ ዕዳዋን እንድትከፍል አዘዛት። ጌታችንም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 የበደለን ወንድም አስቀድሞ ለብቻው፥ ቀጥሎ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰው ጋራ፥ በመጨረሻ በማኅበር ፊት መምከር እንዲገባ ሥርዓት ሠርቶልናል። እኛ ግን መጨረሻውን መጀመሪያ አደረግነው።

የመንግሥት ሕግም ነገሩን ቸል አላለውም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት እንዲከበር ደንግጓል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ከአንቀጽ 2044 ጀምሮ የሰውን ስም ስለ ማጥፋት ይናገራል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃን ስለ መጠበቅ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል።

«ነገሩ ሁሉ ምስጢር ከሆነ ገንዘብ ያዡ ቢያጐድል በምን እናውቃለን?» የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው እውነተኛ ነው። ምስጢር ለሌባ መጠጊያ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ አባሉም የገንዘቡን ነገር የማወቅ መብት አለው። ነገር ግን ሒሳብ ሌላ፥ ስም ሌላ ነው። ጉባኤው ስንት ብር እንደ ገባ፥ ስንት እንደ ወጣ፥ ስንት ሰው ስንት ብር እንደሚቀርበት በሙሉ ይነገረው። ስሙን ግን ሙሴው ወይም ዳኛው፥ ጸሐፊው፥ ገንዘብ ያዡና ጉባኤው የመረጣቸው ሒሳብ መርማሪዎች ብቻ ይወቁት። አንድ ነገር ግን እንጨምራለን፤ የሹማምንቱ ውዝፍ በጉባኤ ፊት በስማቸው ይነበብ። የሌላውን መዝገብ የያዘ ሰው የራሱን መደበቅ አይገባውምና።

ሁለት ወይም ሦስት ወር የዘገየ አባል ቢኖር አንድ ሹም በምሽት ወደ ቤቱ ሄዶ በቀስታ ይጠይቀው። ችግር ካለበት በጥቂት በጥቂቱ እንዲከፍል ጊዜ ይሰጠው፤ የሚያፍር ከሆነም የነፍስ አባቱ መካከለኛ ይሁኑለት። ኖሮት እምቢ ያለውን ግን ሁለት ሽማግሌዎች ይምከሩት፤ ከዚህ በኋላ ያልተመለሰ እንደሆነ ነገሩ በደንቡ መሠረት በአባላቱ ጉባኤ ይታይ፤ በበር ላይ ግን አይለጠፍ።

ባለዕዳውም ቢሆን የገመናው መጠበቅ ከመክፈል ነጻ ያወጣኛል ብሎ አይታለል። ሳይጠየቅ አስቀድሞ ሄዶ፥ «ቸግሮኛል፥ ጊዜ ስጡኝ» ማለት ለክብሩ የሚበጀው እርሱ ነው። ዝም ብሎ የሚሰወር ሰው የራሱን ድርሻ በሌላ ድሃ ጫንቃ ላይ ይጭናል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፥ ማኅበር የሚያምረው ሸክም ሲያቀል ነው። እንግዲህ የማኅበር ሹማምንት የሆናችሁ ሁሉ፥ መዝገባችሁን በጉባኤ ከመግለጣችሁ በፊት የሰውየውን ደጅ አንኳኩ፤ ከገባችሁም በኋላ በሩን መልሳችሁ ዝጉት።