የራሳችሁን ስኪ ልትገዙ ነው? ይቺን አንብቡ

ዴንቨርና አውሮራ ያላችሁ ቤተሰቦች፣ በኪራይ ስኪ የጀማሪዎቹን አረንጓዴ መንገድ ጨርሳችሁ ሰማያዊው ላይ ከደረሳችሁ የራሳችሁን መግዛት ሳያምራችሁ አይቀርም።

ለሁሉም ዓይነት በረዶ ይሆናል የሚባለው ስኪ ኦል ማውንቴን ይባላል። ዋናው ነገር ወገቡ፣ ማለትም ከጫማው ሥር ያለው ጠባብ ክፍል ነው። ጠበብ ያለው በማሽን በተደለደለ በረዶ ላይ ቶሎ ይታጠፋል፤ ሰፋ ያለው አዲስ በወረደ በረዶ ውስጥ ቶሎ አይሰምጥም። ገና እየተሻሻለ ላለ ሰው ከ80 እስከ 90 ሚሊ ሜትር ይበቃል እንላለን። ርዝመቱ አጠገባችሁ ሲቆም በአገጭና በግንባር መካከል ይሁን። ድርቅ ያለውን ለፈጣኖቹ ተዉላቸው።

ብር ካጠረ ጫማው ይቅደም፤ ስኪ መከራየት ይቻላል።

ማሰሪያውን ግን በዋዛ አትዩት። ስትወድቁ ጫማውን የሚለቀው እሱ ነው። ከጓደኛ የገዛችሁትንም ቢሆን እንዳለ አትጠቀሙበት፤ ክብደት፣ ቁመት፣ ዕድሜ፣ የጫማ ሶል ርዝመትና ችሎታ ታይቶ ባለሙያ ያስተካክለዋል። እዚያ ጋ ጉራ አያስፈልግም! "ጎበዝ ነኝ" ካላችሁት አጥብቆ ይሞላዋል፤ መልቀቅ ባለበት ሰዓት ካልለቀቀ የሚሰበረው እግር ነው።