የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን እንዴት ፎቶ ይነሳል?

ጎንደር ሲባል አብዛኞቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን የፋሲል ግቢ ነው። ነገር ግን ከከተማው ወደ ደቡብ፣ በአዘዞና በቆላ ድባ አልፈን ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዝን ጣና ዳር ጎርጎራ እንደርሳለን። ከዛሬዋ ጎርጎራ በስተምዕራብ፣ ወደ ሐይቁ ገባ ባለ መሬት ላይ፣ ከፋሲል ግቢ በዕድሜ የሚቀድም ፍርስራሽ አለ። ማርያም ግምብ ይባላል።

አንደኛ ዓመት እያለን ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሄጄ ከ100 በላይ ፎቶ አንስቼ ተመለስኩ። አንድ መምህራችን አንዱን ፎቶ አይተው «ይሄ የትኛው ግድግዳ ነው? ፊቱስ ወዴት ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ ግን መልስ አጣሁ። ቁጭ ብዬ ስለይ ለሌላ ሰው የሚጠቅሙት ስድስት ብቻ ሆነው ተገኙ። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩትም ሌላው እንደኔ እንዳይሆን ብዬ ነው።

በመጀመሪያ ታሪኩን እንወቅ። ግምቡን ያሠሩት በአጼ ሱስንዮስ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1607 እስከ 1632) የነበሩት ኢየሱሳውያን የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ናቸው። ንጉሡ የካቶሊክን እምነት በመቀበላቸው በአገሪቱ ብዙ ደም ፈሰሰ። እ.ኤ.አ. በ1632 የቀድሞው እምነት እንዲመለስ አወጁ፤ ከዚያ በኋላ የነገሡት ልጃቸው አጼ ፋሲል ሚሲዮናውያኑን አስወጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1636ም ጎንደርን ቆረቆሩ። በኖራ የተያያዘውን ድንጋይ በጎንደር ግንቦች ላይም እናየዋለን። እንግዲህ ጎርጎራ ከጎንደር በፊት ያለው ምዕራፍ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሕንጻውን «ፔድሮ ፓኤዝ የሠራው» የሚል መግለጫ ከፎቶ ሥር ይጻፋል። ፓኤዝ በጎርጎራ ግንበኛ እንደነበረ እውነት ነው። ነገር ግን የሞተው እ.ኤ.አ. በ1622 ነው፤ ማርያም ግምብ ደግሞ ከሱ ሞት በኋላ የተሠራ ነው። ፎቶው ትክክል ሆኖ መግለጫው ሊያሳስት ይችላል።

ሕንጻው ከ350 ዓመት በላይ ቆሞ እ.ኤ.አ. በ1995 አብዛኛው ክፍል ተደረመሰ። እንዲህ ያለ ሕንጻ ጣራው ሲሰነጠቅ ዝናብ ይገባል፣ ኖራው ይሟሟል፣ የዛፍ ሥር ደግሞ ድንጋዩን ይፈለቅቃል። የስፔን አርኪዮሎጂስቶች እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ቦታውን አጥንተዋል። ከመደርመሱ በፊት የነበረውን ቅርጽ ለማወቅ ግን የቀድሞ ፎቶዎች የግድ ያስፈልጋሉ። ዛሬ የምናነሳውም ነገ እንደዚያው ያገለግላል።

ታዲያ እንዴት እናንሳ?

አንደኛ፣ ካሜራ ከማውጣታችን በፊት የአካባቢውን ሰው እናስፈቅድ። ከመንገድ በፊትም የአካባቢውን ሰላም እንጠይቅ።

ሁለተኛ፣ ከሩቅ እንጀምር። ግምቡን ከነሐይቁ፣ ከነዛፉ እናንሳ። ከዚያ በአራቱም አቅጣጫ እየዞርን፣ ከምሥራቅ ይሁን ከምዕራብ ማስታወሻ ላይ እንጻፍ።

ሦስተኛ፣ የተቀረጸ ድንጋይ ሲገኝ አጠገቡ ማስመሪያ ወይም እስክሪብቶ እናስቀምጥ፤ አለበለዚያ ትልቅ ይሁን ትንሽ አይታወቅም። ቅርጹ በደንብ የሚወጣው ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ፣ ፀሐይ ከጎን ስትመታው ነው። ቀትር ላይ ድፍን ይላል። የኔ ፎቶዎች አብዛኞቹ የቀትር ነበሩ።

አራተኛ፣ ለፎቶ ብለን ድንጋይ አናንሳ፣ አንፋቅ፣ ግድግዳ ላይ አንውጣ። የወደቀ ድንጋይ የወደቀበት ቦታም መረጃ ነው። ቅርስን ማበላሸት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው።

በመጨረሻም ቀኑን፣ ቦታውንና አቅጣጫውን በዚያው ዕለት ማታ እንጻፍ። «በኋላ አስታውሰዋለሁ» ማለት አይሠራም፤ ሞክሬዋለሁ።

ልንመለስ ስንል አንድ አዛውንት ጠሩኝ። «ልጄ፣ ፎቶውን ለማን ነው የምታሳዪው?»

«ለትምህርት ቤት ነው አባቴ» አልኳቸው።

«ብዙ ሰው ይመጣል፣ ያነሳል፣ ይዞት ይሄዳል። እኛ ጋ ግን አንድም የለም» አሉኝ።

አሳትሜ አመጣለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። እስካሁን አልተመለስኩም። ስድስቱን አሳትሜ፣ ከየአንዳንዱ ጀርባ ቀኑንና አቅጣጫውን ጽፌ ፖስታ ውስጥ አድርጌያቸዋለሁ። ከክፍላችን ወደ ጎርጎራ የሚሄድ ካለ ያናግረኝ፤ ያድርስልኝ።