ከመቁላት እስከ መቅዳት በአንድ ፎቶ

መካነ ሰላም ውስጥ ቡና የምታፈላ አንዲት ሴት በአንድ ፎቶ ላይ ሦስት ቦታ ብትታይ፣ ከምድጃው ፊት ስትቆላ፣ ሙቀጫው አጠገብ ስትወቅጥ፣ ረከቦቱ ጋ ደግሞ ከጀበናው ስትቀዳ፣ ያየው ሁሉ “ፎቶሾፕ ነው” ብሎ ያልፋል። አብዛኛው ሥራ የሚያልቀው ግን ኮምፒውተር ከመከፈቱ በፊት፣ እዚያው ቄጠማ የተጎዘጎዘበት ቤት ውስጥ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ይታሰርና ሥራው እስኪያልቅ አይነካም። ቦታ የምትቀይረው ሴትዮዋ ብቻ ናት። ሦስቱ ፎቶዎች በኋላ እንደ ሌየር አንዱ ባንዱ ላይ ሲደረቡ ግድግዳው በግድግዳው፣ ረከቦቱ በረከቦቱ ላይ ልክ ይገጥማል። ከዚያ የቀረውን በሚሸፍን ማስክ እሷ ያለችበት ቦታ ብቻ እንዲታይ ይደረጋል። እንግዲህ ከሴትዮዋ በቀር የተለወጠ ነገር ሁሉ ችግር ነው ማለት ነው። ካሜራው አውቶማቲክ ላይ ከቀረ፣ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ወደ በሩ ብርሃን ስትጠጋ ምስሉን ያጨልመዋል፤ ወደ ጓዳው ስትርቅ ያፈካዋል። ያው ግድግዳ ሦስት ዓይነት ቀለም ይዞ ይወጣል፣ መጋጠሚያውም እንደ ስፌት ይታያል። ስለዚህ የሹተር ፍጥነቱ፣ የሌንሱ ክፍተት፣ አይኤስኦው፣ ፎከሱና ዋይት ባላንሱ በእጅ ተስተካክለው መቆለፍ አለባቸው። በስልክ የሚያነሳም ስክሪኑን ተጭኖ በመቆየት ፎከሱንና ብርሃኑን መቆለፍ ይችላል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ጭሱ ነው። የቡናው ጭስና የዕጣኑ ጭስ ድንበር አያውቁም። ከምትቆላዋ ሴት የተነሳ ጭስ ወደ ወቃጪዋ በኩል ተንሳፎ ማስኩ ጠርዝ ላይ ሲደርስ፣ የማይታይ መስታወት የገጨው ይመስል ቀጥ ብሎ ይቆረጣል። መፍትሔው በሦስቱ መካከል በቂ ክፍተት መተው፣ ዕጣኑን በመጨረሻው ፎቶ ብቻ ማጨስ፣ ሰው የሌለበት አንድ ንጹሕ ፎቶም በመጠባበቂያነት ማንሳት ነው። ሌላው ዓይን ነው። ቀጂዋ ወደ ወቃጪዋ እንድታይ ከተፈለገ፣ ወቃጪዋ በምትቀመጥበት ቦታ በፊቷ ቁመት ልክ የምታየው ነገር ያስፈልጋታል። ያለዚያ አተያይዋ ጥቂት ይስታል፤ ተመልካቹም ምክንያቱን ባያውቅ እንኳ ፎቶውን አያምነውም።

ደጅ ሲወጣ ደግሞ ፀሐይ አለች። በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትጓዝ አንድ ዲግሪ ለመሄድ 4 ደቂቃ ያህል ይበቃታል። መካነ ሰላም ባለችበት በወሎ ቦረና ደጋ ጠዋት አንድ ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይ ከአድማስ 10 ዲግሪ ከፍ ስትል፣ የ1.70 ሜትር ሰው ጥላ 9.6 ሜትር ግድም ይሆናል፤ ከ4 ደቂቃ በኋላ በ90 ሳንቲ ሜትር ያህል ያጥራል። አንሺው በፎቶዎቹ መሐል ከዘገየ የአንድ ጠዋት ሰዎች የተለያየ ጥላ ይዘውበት ይገኛሉ።

አንድን ሰው በአንድ ምስል ደጋግሞ ማሳየት ኮምፒውተር ያመጣው ነገር አይደለም። የድምፅ አልባ ፊልሞች ኮሜዲያኑ በስተር ኪተን እ.ኤ.አ. በ1921 በሠራው «ዘ ፕሌይሃውስ» ፊልም ዘጠኝ ሆኖ ጎን ለጎን ታይቷል። ሌንሱ ፊት በዘጠኝ ቀጫጭን መዝጊያዎች የተከፈለ ሣጥን ተደርጎ፣ አንዱ ብቻ እየተከፈተ ይቀረጽና ፊልሙ ወደ ኋላ ተጠምጥሞ ሌላው ይከፈት ነበር። ካሜራው በእጅ የሚዞር በመሆኑ፣ ካሜራማኑ ኤልጂን ሌስሊ ዘጠኙንም ጊዜ በእኩል ፍጥነት ማዞር ነበረበት። በናይጄሪያ ዮሩባዎች ዘንድ ደግሞ ነገሩ ከሐዘን ጋር የተያያዘ ነበር። መንትዮች አብረው ፎቶ ሳይነሱ አንዱ ቢሞት፣ በሕይወት ያለው ይነሣና ፎቶው ጎን ለጎን ሁለት ጊዜ ይታተም ነበር። ሟቹ ተቃራኒ ጾታ ከነበረ፣ በሕይወት ያለው ልብስ ለውጦ ለሁለተኛ ጊዜ ይነሣ ነበር።

እኛ አገር ሐሳቡን በደንብ የሚያውቁት ሠዓሊዎች ናቸው። የንግሥት ማክዳና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ በጨርቅ ላይ አብዛኛውን ጊዜ በ44 ትንንሽ ሥዕሎች ተከፋፍሎ ይሣላል። ማክዳ ስትጓዝ፣ ስትስተናገድ፣ ስትመለስ ደጋግማ ትታያለች፤ ግራ የሚጋባ የለም። በሥዕሎቹ መካከል ያለው መስመር “ጊዜ አልፏል” ይላልና። ፎቶው ግን ይህ መስመር የለውም። የጊዜውን ማለፍ መናገር ያለበት ሥራው ራሱ ነው። ለዚህም ነው አንድ ሰው አራት ቦታ ቆሞ ካሜራ የሚያይበት ፎቶ ቶሎ የሚሰለቸው፤ አራቱም የሚሉት አንድ ነገር ነው። መቁላት፣ መውቀጥና መቅዳት ግን ቅደም ተከተላቸውን ማንም ወሎዬ ያውቀዋል።

ለእኔ የዘዴው ዋጋ እዚህ ላይ ነው። በቤታችን ውስጥ ጥሬው ከመታጠቡ ጀምሮ በረካው እስኪጠጣ ድረስ ሥራው ሁሉ ባንዲት ሴት እጅ ያልፋል። የተለመደው ፎቶ ከዚያ ሁሉ ጊዜ የሴኮንድ ስባሪ ወስዶ፣ ፈገግ ብላ ስትቀዳ ብቻ ያሳያታል። ሦስት ጊዜ ስትታይ ድካሟም አብሮ ይታያል። ቡና ግን ከጎረቤት ጋር ነው የሚጠጣው፤ ብቻዋን ሦስት ሆና ከቀረች ፎቶው ውሸት ይሆናል። ስለዚህ እኔ ጎረቤቶቹን ከቀጂዋ በኩል፣ ሲኒያቸውን እንደያዙ፣ እያንዳንዳቸውን አንድ አንድ ጊዜ ብቻ አስገባለሁ። ከፎቶው ሥርም ከሦስት ፎቶዎች የተቀናበረ መሆኑ ይጻፋል። ለዜና የሚሆን ፎቶ ላይ ግን ይህን ዘዴ ከነመግለጫውም ቢሆን አልጠቀምበትም።